ፈውዚያና ሰማንያ አራቱ

ፈውዚያን ከሒሳብ ክፍል ያስወጣናት በርኅራኄ ነው። ቃለ ጉባኤው አለ፤ መጀመሪያ የፈረምኩትም እኔው፣ ድረስ የተባልኩት የሒሳብ መምህሯ ነኝ።

«ልጅቱ ዓይኗ አያይም፤ ሒሳብ ደግሞ የዓይን ትምህርት ነው» ብለን ተስማማን። በእኔ ክፍለ ጊዜ ግቢው ውስጥ ዋንዛው ጥላ ሥር ትቀመጣለች፤ የሒሳብ ውጤቷ የሌሎቹ ትምህርቶች አማካይ ይሆናል። ይጁቤ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡት አባቷ አቶ ሙሐመድሳኒ ሲነገራቸው «እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ። ልጅቱን ግን የጠየቃት የለም። ዓይነ ሥውር የቅኔ መምህር ጉባኤ ዘርግተው በሚያስተምሩበት አገር፣ ዲግሪ የያዝነው እኛ የወሰንነው ይህን ነው።

የካቲት ላይ አካል ጉዳተኞችን ከሌሎች ጋር የሚያስተምረውን የአካቶ ትምህርት አፈጻጸም የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ርዕሰ መምህራችን አቶ እንዳላማው ወዲያው ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ በሲሚንቶ አሠሩ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ተማሪ የለንም፤ ያለችን ፈውዚያ ናት፣ እሷንም የመወጣጫው ጠርዝ ሁለቴ ጥሏታል። ግድግዳው ላይ «ትምህርት ለሁሉም» ተብሎ በትልቁ ተጻፈ።

«ለዛሬ ብቻ ልጅቱን ክፍል አስገባት፤ ፊት ወንበር ላይ ትሁን» አሉኝ አቶ እንዳላማው፣ እንግዶቹ የመጡ ዕለት።

አስገባኋት። እንግዶቹ ከኋላ ተደረደሩ። እኔም ጠመኔዬን ይዤ ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ሣልኩና እንደ ልማዴ «ይህን በዚህ እናባዛለን፣ ለዚህ እናካፍላለን፣ ይህ ይመጣል» አልኩ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት እንዲህ እየጠቆምኩ ነው።

ፈውዚያ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይህ የሚሉት የትኛውን ነው?»

በእንግዳ ፊት ምን ይደረጋል? «የሦስት ማዕዘኑ መሠረት ስምንት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከፍታው አምስት። ሁለቱን አባዝተን ለሁለት እናካፍላለን» አልኩ።

«ሃያ» አለች፣ ጠመኔው ሰሌዳውን ሳይነካ።

ከመሃል ጌቱ፣ ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ከአርባ ያላለፈው ጌቱ፣ «እንዲህ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አፈርኩ። የሚያዩትንም ሳላስተምራቸው ኖሬያለሁ።

እንግዶቹ መወጣጫውን ፎቶ አንስተው፣ አመስግነው ሄዱ። አቶ እንዳላማው ጠሩኝና «በል እንግዲህ፣ ልጅቱ ወደ ጥላዋ ትመለስ፤ አታንገላታት» አሉኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና ድፍረቴ ያኔ መጣ። «አትወጣም!» አልኩ።

«እንደ ፍጥርጥርህ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቅርጹን ሁሉ በጭራሮ እየሠራሁ አስዳሰስኳት፤ የምጽፈውንም ሁሉ እየጠራሁ ጻፍኩ። ሰኔ ላይ የፈተናውን ጥያቄ አነበብኩላት፤ በቃሏ መለሰች፤ ጻፍኩላት። ስልሳ አንድ አገኘች። ደስታዬን ለመንገር ወደ ቢሮ ሮጥኩ።

አቶ እንዳላማው ግን አባትየውን አስጠሩ። «አማካይዋ ሰማንያ አራት ነው። መምህሩ ክፍል አስገብቶ ሃያ ሦስት ነጥብ አከሰራት። በውሳኔያችን መሠረት ሰማንያ አራቱን እንሙላላት?»

«ያው የሚበልጠው ይሻላላ» አሉ አቶ ሙሐመድሳኒ። አልፈርድባቸውም። እኔም እንዳልከራከር የፈረምኩበት ቃለ ጉባኤ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ምን አፍ አለኝ? ተሞላ።

ካርድ በተሰጠ ማግሥት ፈውዚያ ፊቷ በርቶ መጣች።

«ቲቸር፣ ሰማንያ አራት አገኘሁ አሉኝ። ዐሥራ ስድስቱ ነጥብ የሄደብኝ የት የት ላይ ነው?»

ሃያ ዓመት ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ ተማሪ የለም፤ ሁሉም የሚመጣው ነጥብ ሊለምን ነው። የፈተና ወረቀቷ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልዋሻት ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም።

«ዐሥራ ስድስት አይደለም ፈውዚያ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ነው» አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት።

ፊቷ ጨለመ።

«ስልሳ አንዱስ የራሴ ነው?»

«የራስሽ ነው።»

«እንግዲያው ሠላሳ ዘጠኙን ይንገሩኝ» ብላ የክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።