ወንዲ ትንሽ አሞታል

እምቢ ማለት የማይችል ሰው ጋራዥ መክፈት የለበትም። ይህን ለጋሼ ፍቅረሥላሴ ፊት ለፊት ነግሬያቸው አላውቅም፤ ደሞዜን የሚከፍሉኝ እሳቸው ናቸው። ግን ሰበታ፣ ከጅማው መንገድ ዳር ባለው ጋራዣቸው የቢሮውን ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ግማሹ ሥራዬ እሳቸው እሺ ያሉትን መልሶ እምቢ ማለት ነው። የሚገባውን መኪና እረከባለሁ፣ መለዋወጫ አስገዛለሁ፣ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄጄ እከራከራለሁ፣ ደንበኛ ጋ ደውዬ "ገና ነው፣ ነገ ይምጡ" እላለሁ። ደንበኛው ሁሉ ጋሼን ይወዳቸዋል። እኔን ደግሞ "ያቺ ኮስታራዋ ያኔት" ይለኛል። ይበለኝ።

አንድ ሕግ ብቻ አለኝ። የገባ መኪና ቁልፍ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ መካኒኩ በራሱ አፍ "ጨርሻለሁ፣ ነድቼም ሞክሬዋለሁ" ካላለኝ አይወጣም። የፈለገው ባለሥልጣን ቢመጣ አይወጣም።

ባለፈው አርብ የአንድ ደንበኛ ቦሎ ላስጨርስ ወጥቼ ስመለስ መሳቢያዬ ተከፍቷል። ግቢው ውስጥ የኦቦ ደበላ ሚኒባስ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

"ሚኒባሱስ?" አልኩት ዘበኛውን።

"ቀብር ሄዱበት እኮ! የእድሩ ሰዎች የተከራዩት መኪና ቀረባቸው። ኦቦ ደበላ መጥተው 'መኪናዬን ስጡኝ' ሲሉ ጋሼ በሌላኛው ቁልፍ መሳቢያሽን ከፈቱት። እሳቸውም አብረው ሄዱ። እናትሽም አሉበት፤ ሰላም በላት ብለውኛል።"

ኦቦ ደበላ የሰፈራችን የእድር ዳኛ ናቸው። እማ ቀብሩ በዚሁ በጅማው መንገድ፣ ተፍኪ እንደሆነ ጠዋት ነግራኝ ነበር፤ እሷ የእድር ቀብር ከምትቀር ቅዳሴ ብትቀር ይሻላታል። አባታችን ከሞተ በኋላ ያላት እኔና ቡራዩ ፋብሪካ የሚሠራው ታናሼ ወንዲ ነን፤ ሌላው ዘመዷ እድሩ ነው። ስለዚህ አልደነገጥኩም፤ ተናደድኩ እንጂ። ቀብር ላለበት ሰው የገዛ መኪናውን መከልከል በእኛ አገር ከስርቆት የባሰ ነውር ነው። ጋሼ ደግሞ እንኳን ለቀብር ለልደትም እምቢ አይሉም። ሲመለሱ የምላቸውን በሆዴ እያሰናዳሁ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ የህያ ከጁምዓ ሰላት ተመልሶ ገባ። የህያ የእግርና የመሪ ሥራ የሚሠራልን መካኒክ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ለነገር የማይቸኩል ሰው። ባዶውን ቦታ አየና ወደ እኔ ዞረ።

"መኪናውን ማን አንቀሳቀሰው?"

"ለቀብር ወሰዱት።"

ቱታውን ሊለብስ አንድ እጁን አስገብቶ ነበር፤ እንዳንጠለጠለው ቀረ። "አልቋል ያላቸው ማነው?"

"ጎማው ገብቶ መሬት ላይ ቆሞ ነበር። አለቀ ብለው ነዋ።"

"ክሪኩን ለሌላ መኪና ስለፈለጉት ነው ጎማውን አስገብቼ ያወረድኩት!" የህያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። "መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ብረት ቀይሬ፣ ብሎኑን በጣቴ ብቻ ነው ያስያዝኩት። ከሰላት መልስ ላጠብቀው ነበር።"

"ቢፈታስ ምን ይሆናል?"

"ቢፈታ አትበይ፣ መፈታቱ አይቀርም። መሪው እጃቸው ላይ ባዶውን ይሽከረከራል፤ ጎማው ደስ ወዳለው ይዞራል።"

እማ ሁልጊዜ ከሾፌሩ ጀርባ ነው የምትቀመጠው፤ ከኋላ ስትሆን ያዞራታል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ መስኮቱን ይዛ ስትሄድ ታየችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንዳላይ ቶሎ ስልኬን አነሳሁ።

ኦቦ ደበላ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ጋሼ ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ እየተንቀጠቀጠ ጮኸ። እማ ቀብር ስትሄድ ስልኳን ቤት ትታ ነው፤ ሬሳ ፊት ስልክ ሲጮህ ነውር ነው ትላለች። የህያ መፍቻዎቹን ይዞ ወጣና ባጃጅ አስቁሞ ተሳፈረ። ባጃጅ ሚኒባስ ላይ እንደማይደርስ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ይሻላል ብሎ ሄደ።

ልጮህ ነበር፤ ለማን ነው የምጮኸው? በዚህ ቢሮ የማውቀው ነገር ቢኖር ደንበኞቼን ነው። ማን በየትኛው መንገድ እንደሚመላለስ፣ ማን ስልክ ቶሎ እንደሚያነሳ አውቃለሁ። ሐምዱ ትዝ አለኝ። በሲኖ ገልባጭ አሸዋ የሚያመላልስ ልጅ ነው፤ በተፍኪ በኩል ነው የሚመጣው። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።

"ያኒ! ዘይት ልቀይር ወደናንተ እየመጣሁ ነው።"

"ሐምዱ፣ የት ደረስክ?"

"አሁን ተፍኪን ለቀቅኩ። ምነው ድምፅሽ?"

ነገርኩት። የነጩን ሚኒባስ ታርጋም ነገርኩት።

"መንገዱን ልዝጋበት?"

"እንዳታደርገው! ደንግጠው መሪ የጠመዘዙ እንደሆነ አለቀላቸው።" ከዚያ ሌላ መጣልኝ። "መብራት አሳያቸው። ትራፊክ አለ በላቸው።"

በእኛ መንገድ ከፊት የሚመጣ ሾፌር መብራቱን ካበራ ካጠፋ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ትርፍ የጫነ ሁሉ ቀስ ብሎ ዳር ይይዛል። ትርፍ ሳይጭን የሚሄድ የቀብር መኪና ደግሞ እኔ አላየሁም።

ሐምዱ ስልኩን ሳይዘጋ ሄደ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። እኔ እዚህ የጠረጴዛዬን ጠርዝ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ሐምዱ ዝም ባለ ቁጥር አለቀ፣ ገለበጣቸው እላለሁ። ስለት ተሳልኩ፤ ምን እንደተሳልኩ እንኳ አሁን አላስታውሰውም።

"መጣ። ነጭ ነው፣ ሰው በሰው ሆኗል። መብራት እያሳየሁት ነው። ቀነሰ... ዳር እየያዘ ነው... ቆመ ያኒ! ቆመ!"

ተመስገን አልኩ። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሐምዱ ወርዶ ስልኩን ለኦቦ ደበላ ሰጣቸው። ሥራቸውን እንደሚያውቅ ሰው ረጋ ብለው ሰሙኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መሪው እኮ ደህና ነው" አሉኝ። "እንዲያውም ከበፊቱ ቀሎኛል።"

"የቀለለዎት ሊፈታ ስለሆነ ነው! ኦቦ ደበላ፣ እባክዎ ሰዉን ያውርዱ፣ በሞቴ። የህያ እየመጣ ነው።"

"ሬሳው ቀድሞናል ልጄ። እነዚህን እናቶች እዚህ ሜዳ ላይ በፀሐይ አቁሜ ነው? ተፍኪ እዚህ ነው፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ዋቃ አለ።"

ጋሼ ስልኩን ተቀበሏቸው። "ያኔትዬ፣ ሰው አታስደንግጪ። የህያን አታውቂውም? ለሁሉ ነገር ያበዛዋል። እኔስ አብሬ ተቀምጬ የለ?"

"ጋሼ፣ እማን ያገናኙኝ።"

እማ ስልኩን እንደ ሁልጊዜዋ ከአፏ አጠገብ አድርጋ ያዘችው። "ምነው ልጄ?"

"እማ፣ ውረጂ። አሁኑኑ ከዚያ መኪና ውረጂ።"

"ለብቻዬ?" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሰዉ ሁሉ ተቀምጦ? ነፍሷን ወዳ ወረደች ይሉኛል። ኦቦ ደበላስ ፊታቸው ምን ይሆናል? ተይ ልጄ፣ እግዚአብሔር አለ።"

ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ።

"እማ!"

"በይ፣ ስልኩን ልመልስለት። ልጁም መንገድ አለበት።"

በሞት ፊት ተቀምጣ የምትፈራው የሰው ዓይን ነበር። ተናደድኩባት፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ይበልጥ ነበር። አፌ ውስጥ ምን እንደመጣ ያወቅኩት ከወጣ በኋላ ነው።

"እማ፣ ወንዲ ትንሽ አሞታል። ቶሎ ነይ።"

ልጅሽ ሞተ ተብሎ ለእናት በስልክ አይነገርም። ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ነይ ይባላል፤ የቀረውን እናት ራሷ ትጨርሰዋለች። እማም ጨረሰችው። ከእማ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። አባታችን ሲሞት እንኳን እንዲያ አልጮኸችም።

በሩ ሲከፈት፣ ሴቶቹ "ምን ሆነች? ወይኔ፣ ልጇ! ልጇ!" ሲሉ ይሰማኛል። እማ አስፋልቱ ላይ ወድቃለች። ሐዘን የወደቀባት ሴት መሬት ላይ እያለቀሰች መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚቀር የእድር ሰው የለም፤ እሱም ነውር ነው። ሁሉም ተከታትለው ወረዱ። የሚያነሳት ያነሳታል፣ የሚይዛት ይይዛታል፣ ጋሼ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ይላሉ። እኔ ስልኩ ላይ "ውሸት ነው! ደህና ነው!" እያልኩ እጮኻለሁ። ማንም አልሰማኝም፤ ስልኩ ከእጇ ወድቆ ነበር።

ሐምዱ አነሳው። "ያኒ፣ ወንዲ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም! ሁሉም ወርደዋል?"

"ሁሉም ወርደዋል። ኦቦ ደበላ ብቻ ተመልሰው ገብተዋል። 'የሞተው ይቆየኛል፣ እሷን ሰበታ ላድርሳት' ብለው መኪናውን እያዞሩ ነው።"

"አስቁማቸው! ማንም እንዳይገባ፣ ሐምዱ!"

ሲሮጥ ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ እንጨት ሲሰበር ዓይነት "ቀጭ" ያለ ነገር ሰማሁ። ከኋላው ደግሞ የቆርቆሮ ጩኸት። የሴቶቹ ልቅሶ አንድ ጊዜ ቀጥ አለ።

"ሐምዱ? ሐምዱ!"

"ጎማው ወደ ውጪ ዞሯል" አለኝ። "መኪናው ቦዩ ውስጥ ተኝቷል። ሽማግሌው ወጥተዋል። ቆመው እያዩት ነው።"

ዘበኛው ውሃ ይዞልኝ ሲገባ መሬት ላይ ነበርኩ።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሐምዱ እማን "ያኔት ዋሽታ ነው፣ ወንዲ ደህና ነው" አላት። ጋሼም አሏት፣ ሴቶቹም አሏት። ማን ይመን? ልጅ የሞተባትን እናት ቤቷ እስክትገባ ድረስ ሁሉም ሰው ደህና ነው ነው የሚላት። በሐምዱ መኪና ጋቢና ውስጥ ደረቷን እየደቃች ሰበታ ደረሰች። ወንዲን አስደውዬ ድምፁን አሰማኋት፤ "አልጋ ላይ ሆኖ ነው የሚያናግረኝ፣ እያበረታችሁት ነው" አለች። ከቡራዩ ሥራውን ጥሎ እስኪመጣ ድረስ ጎረቤቱ ቤታችንን ሞልቶት ነበር። በበሩ ሲገባ ተነስታ አልሮጠችም። እስኪቀርባት ጠብቃ ጭንቅላቱን፣ ትከሻውን፣ ጣቶቹን ዳሰሰች፤ ከዚያ ብቻ አለቀሰች።

ማታ ኦቦ ደበላና ጋሼ መጡ። ኦቦ ደበላ ቆመው መረቁኝ፤ "ይህን ሁሉ ነፍስ ያተረፈች አፍ ክፉ አይንካት" አሉ። ጋሼ ዓይኔን ማየት ፈርተው የመሳቢያውን ሌላኛውን ቁልፍ በእጄ አስጨበጡኝ። እንግዶቹ ሲወጡ እማ በሩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

"እነሱን አትርፈሻቸዋል፤ እኔንም አትርፈሽኛል" አለችኝ። "እግዜር ይስጥሽ። ግን እኔ ዛሬ ልጄን አስፋልት ላይ ቀብሬው ነው የመጣሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ያኔት። የወንዲን ስም ጠርተሽ አወጣሽው። የት ሄዶ እንደሚያርፍ ታውቂያለሽ?"

"እማ፣ ሟርት አይደለም እኮ። ምን ላድርግ ነበር?"

"እኔ እንጃ" አለች። "የእኔን ሞት ብትጠሪ ኖሮ ምን ነበረበት?"

እኔ በሟርት አላምንም። ወንዲም አያምንም፤ ስቆብኝ ነው ቡራዩ የተመለሰው። ግን በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮ እደውልለታለሁ። ሲያነሳ የምለው ጠፍቶኝ "በላህ?" እለዋለሁ፤ እሱም "በላሁ፣ አሁንም አልሞትኩም" ብሎ ይዘጋዋል።

ዛሬ ደወልኩለት፤ አላነሳም። ማሽን ላይ ይሆናል ብዬ ደገምኩ፤ አላነሳም። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ጮኸ። እማ ናት። እጄን ሰደድኩና መለስኩት፤ ማንሳት ፈራሁ።