ብይዋ የምትቆምበት ወለል

አባቴ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ከተመሰገኑት አንዱ፣ ከሰከሩት ደግሞ አንደኛው። መጨረሻ የሰራው የመታጠቢያ ቤት ወለል ውሃውን ወደ መውረጃው ሳይሆን ወደ ሳሎን ላከው። ባለቤትየው እቤታችን ድረስ መጥቶ የራሰ ምንጣፉን እናቴ እግር ስር ጨመቀው። የዚያኑ ቀን የአባቴ ፍራሽ ጓሮ ወዳለው የእቃ ክፍል ተዛወረ፤ አባቴም ተከተለው።

ሰላሳ ስምንት ቀን ጠብታ አልቀመሰም። በሰላሳ ዘጠነኛው እናቴ የእቃ ክፍሉን በር ደበደበች።

"የኩሽናዬን ወለል አንጥፍ። ስትጨርስ የትንሿ ልጃችንን ብይ አስቀምጥበታለሁ። ከቆመች ቤትህ ትገባለህ። ከተንከባለለች ፍራሽህን ተሸክመህ ከግቢዬ ውልቅ!"

"ኧረ እመቤቴ፣ ውሃ ልክ እያለ በብይ ይፈረዳል?"

"ውሃ ልክህም ካንተ ጋር ሲጠጣ ነው የኖረው።"

እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ጣሪያ ሳይ የምውል ሰው ስለሆንኩ ሁለት ሹመት ደረሰኝ፤ ረዳትም ጠባቂም።

በመጀመሪያው ቀን አባቴ ከአሮጌ ቦት ጫማው ውስጥ የረሳውን ግማሽ ጠርሙስ ጂን አገኘ። ፊቱን አዙሮ ሰጠኝ።

"ሂድና ድፋልኝ። እኔ ከደፋሁት ሽታው ያስታርቀናል።"

ልደፋው ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ሰው አባቱን ከቤት ያስወጣውን ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ እንዴት ይደፋል? ለጥናት ብዬ አንድ ጉንጭ ወሰድኩ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ለማረጋገጥ ነበር። ጥናቱ ሶስት ቀን ፈጀ።

በሶስተኛው ቀን አባቴ ወገቡ ተያዘ። "ፈላስፋው፣ በበሩ በኩል የቀረችውን አንድ መስመር ጨርሳት። ውሃ ልኩን እያየህ!" ብሎኝ ጋደም አለ።

አየሁ እንጂ። የውሃ ልክ አረፋ አንድ ናት፤ ለእኔ ሁለት ሆነው መጡ። ከሁለቱ መሀል ላይ ያለችውን አምኜ ለጠፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ተንበርክካ ብይዋን አስቀመጠች። ቆመች። ሌላው ሴራሚክ ላይ፣ ቆመች። አባቴ ወገቡን ረስቶ ቀና አለ። የበሩ መስመር ላይ ስትደርስ ግን ብይዋ ትንሽ አሰበችና እየተንከባለለች በሩን አልፋ ግቢ ወጣች።

"ጠጥተሃል" አለች እናቴ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ መስመሩን በመዳፉ ዳበሰው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ያቺን ዘመም ያለች መስመር ሃያ ዓመት ሲሰራት ኖሯል፤ በስንት ጉንጭ እንደምትመጣ ያውቃል።

"አዎ፣ ጠጥቻለሁ" ብሎ ፍራሹን ሊጠቀልል ወጣ።

ዝም ብል እናቴ አታውቅብኝም ነበር።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

"አንተ ደግሞ ምን?"

"መስመሩም የኔ ነው፤ ጂኑም።"

ነጠላ ጫማዋ ጆሮዬን ስታ ግድግዳውን መታች። ሁለተኛዋ አልሳተችም።

"አንተ ሰውዬ!" ብላ ወደ ግቢ ጮኸች። "ፍራሽህን ወደዚህ አምጣ! የዚህን ፈላስፋ ፍራሽ ደግሞ አውጣልኝ። መስመሯን አፍርሶ ቀጥ አድርጎ እስኪለጥፍ፣ ሰላሳ ስምንት ቀንም እስኪቆጥር እዚያው ይሰንብት።"

ፍራሾቻችን በሩ ላይ ተላለፉ። አባቴ መዶሻና መሮ አስጨበጠኝ። አልተቆጣኝም፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብቻ አለ።

"የግራው ግድግዳ ይቀዘቅዛል፤ ፍራሽህን ወደ ቀኝ አስጠጋው። አስረኛው ቀን ላይ ሲብስብህ ደግሞ ጥራኝ።"