ወይዘሮ ክዊልቲ ጋዜጣ እንዳያዩ

ጋዜጣው የጦር መርከቧ መስጠሟን ይዞ በወጣ ጠዋት፣ የፍሪማንትል ወደብ ሰፈር ሰው ሳይመካከር አንድ ነገር ወሰነ፤ ወይዘሮ ክዊልቲ እንዳያዩ። አንድ ልጃቸው ክሌም የመርከቧ መድፈኛ ነበር። መርዶውን የባሕር ኃይል ይንገራቸው እንጂ የጋዜጣ ሻጭ ጩኸት አይንገራቸው ተባለ።

ስለዚህ ሁሉም ጋዜጣውን በብብቱ እየሸጎጠ ስታማቲስ ዓሣ ቤት አምጥቶ ጣለ። ዓሣና ድንች ጥብስ የሚጠቀለለው በጋዜጣ ነውና ስታማቲስ ሲሳይ ወረደለት። ልጁ ዛምቤታ ግን ቀኑን አሰበች። ቀኑ አርብ ነው፤ ወይዘሮ ክዊልቲ ደግሞ አርብ አርብ ዓሣ ሳይበሉ አይውሉም። እሷ በጠቀለለችው ጋዜጣ መርዶውን ቢረዱ፣ ከዚያ በኋላ በምን ዓይኗ ታያቸዋለች?

ቀትር ላይ መጡ። ዛምቤታ ዓሣውን በሳህን አቀረበችላቸው።

«ሳህኑን ይዘውት ይሂዱ፤ ሲመችዎ ይመልሱታል።»

«ሳህን ቤቴ ሞልቷል። ጠቅልይልኝ።»

«ጋዜጣ አልቋል።»

ሴትዮዋ ከኋላዋ የተቆለለውን አዩ። «ያስ?»

«እሱ... አሮጌ ነው።»

«ዓሣው ማንበብ ጀመረ እንዴ?»

ዛምቤታ ወደ አባቷ ዞረች። የአባቷን ሽርጥ ከወገቡ ፈትታ ዓሣውን ጠቀለለችበት።

«ሱሪዬንም ጨምሪላቸው እንጂ» አለ ስታማቲስ።

ወይዘሮ ክዊልቲ ዓሣውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «ስሚ አንቺ ልጅ፣ ከማለዳ ጀምሮ ጋዜጣ ስፈልግ እግሬ ቀጠነ። ሻጩ ሲያየኝ ሱቁን ዘጋ። ጎረቤቴ ፕራውስ እንኳ በዚያ በማይታጠፍ ወገቡ አጥር ዘሎ ሸሸኝ። ቴሌግራም መጥቶልኛል፤ ክሌሜን ከባሕር አውጥተውታል። ፎቶው ገጽ ሦስት ላይ ወጥቷል ይላል።»

ዛምቤታ የድንች ጆንያ ላይ ዘጭ አለች። «ተርፏል? ታዲያ ምነው ለሰው ሳይናገሩ?»

«ለማን? ሁሉም እየሮጠ!»

ገጽ ሦስትን ገለጡ። ክሌም በሕይወት አለ፤ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ይስቃል። የለበሰው ግን ነርሶቹ ያዋሱትን አበባ የፈሰሰበት የሴት የሌሊት ቀሚስ ነው፤ እሱም ጉልበቱ ላይ ቀርቷል።

ወይዘሮ ክዊልቲ ፎቶውን ሳሙት፤ እንባቸውን ጠረጉ፤ ደግመው አዩትና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህን ስንት ሰው አየው?»

«ማንም። ከፊተኛው ገጽ ያለፈ የለም» አለች ዛምቤታ።

«እንግዲያስ ጋሪውን አምጪ።»

ቁልሉን ሙልጭ አድርገው ጫኑት። ስታማቲስ አንዲት ቅጠል እንዲተዉለት ቢለምን አልሰሙትም። ዛምቤታ ጋሪውን እየገፋች በፕራውስ አጥር ሥር ስታልፍ፣ ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ ብቅ አለ።

«አወቁ?» አላት በሹክሹክታ።

«አወቁ።»

«አይ እኚህ ሴትዮ... ምን አሉ?»

«አበባው አያምርበትም አሉ።»