ከታች ያልመጣ ውሃ

እማማ ድርቅ የመጨረሻውን ጆግ ውሃ ምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ቸልሰው ሳይጨርሱ የውጭው በር ተንኳኳ። "መጣሁ! መጣሁ!" እያሉ ጆጉን አቅፈው ደረጃውን ወጡ፤ ወጥ ቤት ወርወር አድርገውት፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው አደራርቀው በሩን ከፈቱ።

ሰፈሩ "እማማ ድርቅ" ያላቸው ወዶ አይደለም። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰሙ የማንንም በር ደብድበው ያዘጋሉ። እንግዲህ በስተርጅና ግድግዳ ውሃ የሚያጠጡት እኚሁ ሴት ናቸው።

ምክንያቱ ልጃቸው ነው። ቤቱን ሸጦ እናቱን እሱ ዘንድ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሊያስገባ ቆርጧል። ገዢ በመጣ ቁጥር ታዲያ አስቀድሞ ቤት መርማሪ ይልካል፤ መርማሪው ከመሬት በታች ያለውን ክፍል ያያል፣ እርጥብ ግድግዳ ያገኛል፣ ገዢው በዚያው ይቀራል። የመጀመሪያው መርማሪ ለነጭ ጫማው ሳስቶ ከላይኛው ደረጃ አልወረደም፤ እዚያው ሆኖ ባትሪውን አበራና "መሠረቱ አልቆለታል" ብሎ ፈረደ። ሁለተኛው ግድግዳውን አንዴ፣ ራሱን ከግድግዳው ጋር ደጋግሞ ፎቶ አነሳ። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው፣ ሁለቱም ቀንዳቸውን ነክሰው ሄዱ። ልጅየው ግድግዳውን ውሃ የማያሳልፍ ቀለም አስቀባ። ውሃው ቀለሙ ላይ ተመልሶ ታየ።

ይኼኛው መርማሪ ግን ሌላ ሰው ነበር። ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ውስጥ በመግባት ፈንታ ቤቱን ዞረ። አሸንዳው ውሃውን የት እንደሚጥል አየ፤ ከግድግዳው ሥር አፈር ዘግኖ በጣቱ አሸው።

"ልጄ፣ እርጥቡ እኮ ውስጥ ነው" አሉ እማማ ድርቅ ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ።

"አውቃለሁ እማማ። ውሃ ግን መንገዱ ከውጭ ነው።"

ይህ መልስ አልተመቻቸውም።

ምድር ቤት ከወረደ በኋላማ ጭራሽ ባሰበት። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ ጆሮውን ደቀነ። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አሽሽቶ ከጀርባቸው አየ። በሆዱ ተኝቶ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበትን መስመር በባትሪ ተከተለ። የእርጥበት መለኪያውን ከታች፣ ከመሃል፣ ከላይ አስነካ፤ እንደገናም ከታች።

እማማ ድርቅ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያዩታል። አንድ ነገር ግን ገረማቸው። እዚህ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ኮቴ ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው! ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም "አቤት" የሚሉ ሴት ናቸው።

"ሻይ ላፍላልህ?"

"ልጨርስና እማማ።"

"አትቸኩል፤ ቀስ ብለህ ሥራ" አሉና ምላሳቸውን ነከሱ። የሚያጋልጣቸውን ሰው አትቸኩል ይሉታል!

መርማሪው ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ።

"እማማ፣ ይህ ውሃ ከመሬት የመጣ አይደለም።"

"ታዲያ ከሰማይ ወረደ?"

"ከመሬት የሚመጣ ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ይኼ ከመሃል ጀምሮ ወደ ታች ወርዷል። ከጀርባ ቢገፋ ኖሮ ቀለሙ ያብጥ ነበር፤ አላበጠም። የውጭው አፈር ደግሞ አቧራ ነው።" ዓይኑ ከግድግዳው ወደ እርጥብ እጅጌያቸው ሄደ። "የሚጀምርበት ቁመት... የእርስዎ ቁመት ነው።"

"ጉድ ነው! አሁን ደግሞ ውሃ በሰው ቁመት መፍሰስ ጀመረ?" አሉ እማማ ድርቅ እጅጌያቸውን ወደ ላይ እየሰበሰቡ። ቀጥለውም "ትጽፈዋለህ?" ብለው ጠየቁ።

"መሠረቱ ደህና፣ ግድግዳው ደህና፣ ውሃው ከመሬት አይደለም ብዬ እጽፋለሁ። የቀጠረኝ ገዢው ነው፤ ልዋሸው አልችልም። ማን እንዳፈሰሰው ግን ግድግዳው አልነገረኝም።"

"መሠረቱ ደህና ነው?"

"ከእኔ ቤት ይሻላል።"

እማማ ድርቅ ይኩሩ ይዘኑ ግራ ገባቸው።

"ለልጅዎ መሸጥ አልፈልግም ብለውት ያውቃሉ?"

"አልጠየቀኝማ! ደግሞስ በፍቅር የሚገፋህን ሰው ምን ትለዋለህ? እጄ ተሰብሮ እሱ ቤት ከርሜ ነበር። ቀን ሁሉም ይወጣሉ፤ ማታ ሁሉም ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው በየክፍላቸው ይገባሉ። የልጅ ልጄ የምታናግረኝ ቴሌቪዥኑን ስጋርዳት ነው። እዚህ ብቻዬን የሆንኩት ሰው ስለሌለ ነው፤ እዚያ ግን ሰው እያለ ነው።"

መርማሪው መለኪያውን ወደ ቦርሳው መለሰ። በቦርሳው ውስጥ ይህን የሚለካ መሣሪያ አልነበረውም። የተፈላለትን ሻይ እንደቆመ ጠጥቶ፣ "በሉ ደህና ይሁኑ" ብሎ ሄደ፤ ቤቱም ወዲያው እንደ ቀድሞው ጭር አለ።

ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ደወለ።

"እማዬ፣ ሰውዬው ምን አለ?"

"ግድግዳው ደህና ነው፣ ውሃው ከመሬት አይደለም አለ።"

"ቧንቧ ነው ማለት ነዋ! በቃ፣ ነገ ቧንቧ ሠራተኞች እልክልሻለሁ። ወለሉን ቆፍረው ይፈልጉት። ገዢውን ታገሰኝ እለዋለሁ፤ ቢበዛ ወር ሁለት ወር ቢፈጅ ነው።"

 እማማ ድርቅ ያልፈለሰፉት ውሸት፣ ሳይጠይቁ፣ በገዛ ልጃቸው እጅ ደጃቸው ደረሰ። ወር ሁለት ወር! ቤቱ ሰው በሰው ይሆናል፤ ይቆፍራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ሻይ ያምጡ ይሏቸዋል። እሳቸው "እሺ" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው።

"እማዬ? አለሽ?"

"አለሁ። ሠራተኛ አትላክ። አንተ ና።"

"እኔ መጥቼ ምን ልሠራ? ስብሰባ ልገባ ነው እኮ..."

"ውሃውን የማፈሰው እኔ ነኝ።"

ከወዲያ በኩል የቢሮው ሰው ሲያወራ፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፤ ልጃቸው ብቻ ድምፁ ጠፋ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ዝም ሲል እማማ ድርቅ "በል እንግዲህ ሥራህን ሥራ" ብለው ፈጥነው ይዘጉለት ነበር። አሁን ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ስልኩንም ከጆሯቸው አላራቁም።