ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕግ

ሰፈራችንን ለሁለት የምትከፍላት አንዲት ጠባብ መንገድ ናት፤ ወዲህ የአሜሪካዋ ፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ወዲያ የኒው ዮርክ ግዛት። የመንግሥት የአዛውንቶች የጤና መድን ለሁሉም አንድ ነው። እሱ የማይሸፍነውን ለመሙላት የሚገዛው ተጨማሪ መድን ግን ማዶና ማዶ ሕጉ ሌላ ነው።

ወይዘሮ ቬርና ስቶልክ ወዲህ ነበሩ። ልባቸውን ከታከሙ በኋላ ተጨማሪ መድን ሊገዙ ቢሄዱ ኩባንያው ስለ ጤናቸው ጠየቃቸው። እውነቱን ተናገሩና ተከለከሉ።

ማዶ ያሉት አቶ አልደን ክሩፕ ብሶታቸው ሌላ ነው። እዚያ ኩባንያው ስለ ጤና መጠየቅ አይችልም፤ ከጤነኛውም ከበሽተኛውም እኩል ያስከፍላል።

«በሰማንያ ዓመቴ እንጨት እፈልጣለሁ፤ የሰፈሩን ቁርጥማት ግን በገንዘቤ የማስታምመው እኔ ነኝ» ይላሉ።

«እንግዲያው ቤት እንለዋወጥ፤ ወዲህ ለጤነኛ ርካሽ ነው» አሏቸው ወይዘሮ ቬርና።

«የምርሽን ነው?»

«በዚህ ልቤ ምን ያስቀልደኛል?»

በሳምንቱ ዕቃቸውን በእጅ ጋሪ እየገፉ መንገዱ መሀል ተላለፉ። ወይዘሮ ቬርና ወዲያው መድን ገዙ። ስለ ልባቸው የጠየቃቸው አልነበረም፤ ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም።

አቶ አልደን በጤናቸው ተማምነው አዲሱ መድን ሳይጸድቅ የድሮውን ሰረዙ። ጤነኝነታቸውን ሊያስመሰክሩም ከስንት ዘመን በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ኩላሊትዎ ደክሟል አላቸው። ሐቀኛ ናቸውና ለኩባንያው ነገሩት፤ ኩባንያውም በትሕትና ሸኛቸው።

ሻንጣቸውን አንጠልጥለው የገዛ በራቸውን አንኳኩ።

«ማነው?»

«ባለቤቱ።»

«ባለቤቱ ማዶ ሄዷል።»

«ታሞ ተመለሰ። እዚህ ካልኖርኩ መድን የሚሸጥልኝ የለም፣ ክፈቺ። አንቺ እንደሆነ ወደ ቤትሽ ብትመለሺም የያዝሽውን አይነጥቁሽም።»

«ማን ነገረህ? ያ አዲሱን ሳትይዝ የድሮውን ሰርዝ ያለህ ሰው ነው?»

አቶ አልደን ሻንጣቸውን መሬት አስቀመጡ። ሰውዬው እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ወይዘሮ ቬርና የኋላውን ክፍል ለቀቁላቸው። አቶ አልደንም እንደ ማንኛውም የኒው ዮርክ በሽተኛ ምንም ሳይጠየቁ መድናቸውን ገዙ። ምግቡን የሚሠሩት ወይዘሮ ቬርና ናቸው፤ ለእሳቸው ልብም ለአቶ አልደን ኩላሊትም ሲባል ጨው የሚባል ነገር ከቤት ወጥቷል። አቶ አልደን ሾርባውን ፉት ብለው ይቀመጣሉ፤ ሲብስባቸው ደግሞ የወይዘሮ ቬርናን ባዶ ቤት ቁልፍ ያነሱና ዕንቁላላቸውን ጠብሰው፣ ጨው ነስንሰው ሊበሉ ወደ ፔንሲልቬኒያ ይሻገራሉ።