የታክሲው ባስ ሳሎን ገባ

ቤት ውስጥ ሁሉም «ሽቦ» ነው የሚላት። ቅጥነቷን አይተው ነው እንጂ የምር ሽቦ ያሳብዳታል ብሎ የጠረጠረ የለም። ትምህርት ከጨረሰች ወዲህ ሥራዋ የአጎቷ ቴፕ መጠገኛ ሱቅ ደጃፍ መገተር ሆነ። እሳቸውም ሲሰለቻቸው፣ የአባትሽን ባስ ከሳሎኑ ቴፕ ጋር አጫውቺና ሱቅ አስገባሻለሁ አሏት። ይቀልዱ አይቀልዱ አልጠየቀችም። ሥራውን እንዳገኘች ቆጥራ እየበረረች ቤት ገባች።

ባሱ አባቷ ታክሲ ላይ፣ ከኋላ ወንበር ሥር የነበረ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነው። አባቷ ካረፈ በኋላ መኪናው ሲሸጥ እናቷ ባሱን ብቻ አልሰጥም ብላ አስቀረችው። ከዚያ ወዲህ አልጋ ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ጎትታ አወጣችው፣ ጠረገችው፣ ገለበጠችው። ከጀርባው ሁለት ጥንድ የሽቦ ማሰሪያ አለው። አባቷ ሁለቱን ጎን ለጎን ነበር ያሰራቸው፤ መኪና ላይ እንደዚያ ሲሆን ጉልበት ያገኛል። የቤት ቴፕ ግን ያንን ሸክም አይችልም፣ ይቃጠላል። ስለዚህ አንዱን ከአንዱ አስከትላ ቀጠለቻቸው፤ በተዋሰችው ቴስተር ለካች፣ እንደገና ለካች፣ መገጣጠሚያውን በፕላስተር ጥብቅ አድርጋ ጠቀለለች።

ስትከፍተው ድምፁ አልጮኸም። ከወለሉ ሥር የሚመጣ ነው የሚመስለው፤ ለስላሳ፣ ወፍራም። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ በሩን ተደግፋ ትንሽ ቆመችና ተመለሰች።

አሁን ወደ ታላቅ ወንድሟ እንምጣ። ሥራ ፈት ነው እንዳልል ሥራ እየፈለገ ነው፤ የሚፈልገው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ነው እንጂ። ይሄ ባስ ነው ወይስ ትንኝ እያለ ሲያሾፍባት ሰነበተ። እሷን ምን አስጨነቃት፣ አጎቷ ቅዳሜ መጥተው ይሰማሉ።

ቅዳሜ ደረሰ። እናቷ ለእንግዳ ለስላሳ አምጪ ብላ ላከቻት። ጠርሙሶቹን ታቅፋ ስትመለስ ድምፁን ከመንገድ ነው የሰማችው። የቁም ሳጥኑ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ አጎቷ ወንበር ላይ ናቸው፣ ወንድሟ መሀል ሳሎን ትከሻውን ይነቀንቃል። አጥፋው ለማለት አፏን ከመክፈቷ አንድ መጥፎ ሽታ ሸተተ፣ ከቴፑ ጀርባ ጭስ ወጣ፣ ቤቱ ጭጭ አለ።

አጎቷ ተነስተው ባሱን አዞሩት። የእሷ ፕላስተር ተቀዶ መሬት ወድቋል። ሽቦዎቹ በጣት ተጠማዘው ጎን ለጎን ታስረዋል።

«ማነው የፈታው?»

«ድምፁ አነሰ እኮ ጋሼ፣ መኪናው ላይ እንደነበረው አደረግኩት» አለ ወንድሟ። ቅንጣት አላፈረም።

ሽቦ ቆማ ጠበቀች። አጎቷ ሳቁ። የእሷ አስተሳሰር ልክ እንደነበር፣ ሱቅ ያሉት ሠራተኞቻቸው ራሱ እንዲህ አድርገው እንደማይጠቀልሉ ተናገሩ፣ ራሷንም ደባበሷት። እሷ በሆዷ ለሥራ የምትለብሰውን ሁሉ እየመረጠች ነበር። ከዚያ ወደ እናቷ ዞሩ።

«ሰኞ ልጁን ላኪልኝ። ወንድ ልጅ እንዲህ ተጋድሞ ከዋለ ይበላሻል።»

«እኔስ ጋሼ?»

«አንቺማ ታውቂዋለሽ የኔ ልጅ። የሚያውቅ ሰው ምን ብዬ ላስተምር?»

እናቷ እግዜር ይስጥልን እያለች ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ፊቷ እንደዚያ ሲፈካ ሽቦ አይታ አታውቅም። የባሰው ይሄ ነው። በወንድሟ መናደድ ይቻላል፣ በአጎቷም ይቻላል፤ በዚያ ፊት ላይ ግን በምን አንጀቷ ትናደድ? ለስላሳውን ከፍታ ቀዳችላቸው።

ወንድሟ ሥራ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት በኋላ የደንበኛ አምፕሊፋየር በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ።

«ጋሼ ለሽቦ ስጣት፣ ቶሎ ትጨርሰዋለች ብለው ነው።»

«ሱቁ እዚያ አይደል እንዴ?» አለች፤ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«ቤት ሆነሽም ይሠራል አሉ። ማን ያያል?»

«ምን አለበት ብታዪለት?» አለች እናቷ። «ወንድምሽ አይደል?»

ሽቦ አንሶላውን ለብቻዋ ዘርግታ ጫፍና ጫፉን አጋጠመች። ወንድሟ ጠበቀ፣ ጠበቀና መሬት ተቀምጦ ክዳኑን ራሱ መፍታት ጀመረ። አንዱ ብሎን አምልጦት እየተንከባለለ ከሶፋው ሥር ገባ። የት እንደቆመ አይታለች። እሱ በሌላው በኩል ተንበርክኮ ይዳብሳል። እሷ ትራስ ልብሱን አንስታ ማጠፍ ጀመረች።