አክስቴ የናጠችው ፕላስቲክ

አማካሪዬ ዶክተር ብዙነህ ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ናሙናዬን ለምርመራ ይዘውልኝ ካልሄዱ ምርቃቴ ለከርሞ ነው። አክስቴ ጌጤ ደግሞ ለዚሁ ምርቃት የአገራችንን ሽመና፣ የዱንጉዛ ቀሚስ አሠርታ፣ ልታስለካኝ ከመንደራችን ከኦቾሎ ወርዳ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተቀምጣለች። በር ላይ «ሰው አይገባም» ቢሏት «እኔ ሰው አይደለሁም፣ የሰሊሆም አክስት ነኝ» ብላ ነው የገባችው።

ሥራዬ ሲያዩት ቀላል ነው። ፕላስቲክ የሚሆነውን ፈሳሽ ከውኃና ከሳሙና ጋር አጥብቄ እመታዋለሁ፤ ዓይን የማያያቸው ጠብታዎች ይሆንና ወተት ይመስላል። ከዚያ እየሞቀ፣ እየተማሰለ፣ እያንዳንዷ ጠብታ ለብቻዋ ትጠነክራለች። ማማሰሉ ከቆመ ግን ጠብታዎቹ ይገናኛሉ፤ አንዴ ከተገናኙ መለያየት የለም። ፈሳሹም ያለኝ የመጨረሻው ነበር።

መብራት ጠፋ። አይጠፋም ብዬ ማመኔ! ማማሰያው ቀጥ አለ። ጠርሙሱን ከድኜ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ለአክስቴ ሰጠኋት።

«እንደ ቅቤ ናጪው! እንዳታቆሚ!»

ጀነሬተር ላስነሳ ስወጣ በሩ ላይ ዞር ስል ዓይኗን ጨፍና፣ መዝሙር እያንጎራጎረች ትንጣለች። እንዲህ ያለ ማሽን በጨረታም አይገኝም።

የጀነሬተሩ ጠባቂ ኤርጫፎ፣ ቁልፉ ሴቻ ሰፈር የወጣ ሰው ኪስ ውስጥ መሆኑን በእርጋታ አስረዳኝ። ሰውየውን ስንጠብቅ ከሰዓት በኋላው አለቀ። ለምኜም ተቆጥቼም ባዶ እጄን ተመለስኩ።

አክስቴ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ ላቧን ትጠርጋለች።

«ለምን አቆምሽ?» አልኳት።

«ወጣልሽ እኮ! ድምፁ ሲለወጥ ጊዜ ቀስ አድርጌ አንከባለልኩት፣ ከዚያ አሳረፍኩት። ዝም ብለሽ ከናጥሽው ይበተናል።»

ጠብታዎቹ ሁሉ ተገናኝተው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ቡጢ የሚያክል ነጭ ጓል ሆነዋል።

«የጓደኞችሽንም ጠርሙስ አይቻለሁ» አለች፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብላ። «ምንም የለውም፣ ዝም ብሎ ነጭ ውኃ ነው። ያንቺን እይ! ጌታ ይመስገን!»

ስልኳን አውጥታ ኦቾሎ ደወለች። «ሰሊሆም ወጣላት! አዎ፣ ቡጢ ያክላል! የሌሎቹማ በዓይን አይታይም!» ከወዲያ ማዶ እልልታው ቀለጠ።

ቁጭ ብዬ ማልቀስ ነበር ያማረኝ። እሷ ግን የዛለ ክንዷን እያሸች፣ ጥርስ በጥርስ ሆና ታየኛለች።

«ቀሚሱን ትንሽ ሰፋ አድርገሽ አሰፊልኝ» አልኳት፣ «ለከርሞም እንዲሆነኝ።»

ከዚያ አብሬያት እልል አልኩ።